ለአናጢ የግማሽ ቀን ሥራ

ልጅ ሳለሁ፣ ከወሎ ሰፈር ቁልቁል ወደ ወንዙ በሚወርደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ሁለት ቤትና አንድ የቆርቆሮ በር ባለው ግቢ ውስጥ እንኖር ነበር። አንዱ ቤት የእኛ ነው፤ ሌላው የአባባ ሐጎስ። አባቴ በአንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበር፤ እናቴ ቤት ውላ እኔንና ታላቅ ወንድሜን ዳንኤልን ታሳድጋለች። አባባ ሐጎስ ደግሞ መንገድ የሚለካበትን የብረት ሰንሰለት ሲጎትቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ፣ ጡረታ የወጡ የትግራይ ሰው ነበሩ። ሚስታቸው ሞተዋል፤ አንድ ልጃቸው ኪዳነ፣ እሳቸው እንደሚሉት፣ ጅዳ ከባድ መኪና ይነዳል። ቧንቧው የጋራ፣ የልብስ ማስጫ ገመዱ የጋራ፣ ወደ መንገድ የሚያወጣው በርም የጋራ ስለነበረ፣ እኔ የእኛ ቤት የት አልቆ የእሳቸው የት እንደሚጀምር ለይቼ አላውቅም ነበር።

የምጽፈው ስለ ተረት ነው። ነገር ግን ተረት ሰማሁ ብዬ ብቻ ማለፍ አልችልም፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው ሰፈር፣ ተረት የሚነግሩን ሌሎች ሰዎችም ነበሩና። የአባባ ሐጎስን ተረት የሰማ ሰው ሄዶ ተኛ፤ የእነዚያን ተረት የሰማ ሰው ልጁን ሰጠ። ሰው ሲያረጅ ልቡ ይለሰልሳል፣ ይቅር ይላል ይሉኛል። እኔ ዕድሜ በጨመርኩ ቁጥር የጨመረልኝ ንቀት ነው፤ አላፍርበትም።

ያኔ መብራት እንደ ልብ አልነበረም። ገና እራት ሳይቀርብ ድርግም ይላል፤ እናቴ «ይኸው ጠፋላችሁ፣ ደስ ይበላችሁ» ትለናለች፤ እኛም እውነትም ደስ እያለን በጨለማው ግቢውን አቋርጠን ወደ አባባ ሐጎስ በረንዳ እንሮጣለን። እሳቸው ፋኖሱን አብርተው፣ ከሰሉን በማንደጃ አቀጣጥለው፣ አንድ ገበሬ ከቡልቡላ በአህያ የሚያመጣላቸውን በቆሎ እሸት ደርድረው ይጠብቁናል። ከሰሉ ብዙ ጊዜ እርጥብ ስለነበረ መጀመሪያ ይጨሳል፤ ዓይናችንን እያሸን፣ እንባችንን በእጅጌያችን እየጠረግን፣ ፍሙ እስኪቀላ እንጠብቃለን። አባባ ሐጎስ ማራገቢያውን ያስቀምጡና «እሳቱ ያዘ?» ይላሉ። «ያዘ!» እንላለን። «እንግዲያው ከጭሱ ፈቀቅ በሉና ስሙ።» የእሳቸው ተረት የሚጀምረው እንዲህ ነበር።

አውሮፕላን ማረፊያው ቅርባችን ነው። በምሽት እነዚያ ሆዳቸው የተዘረጋ የጦር ማመላለሻ አውሮፕላኖች ወደ ሰሜን ሲነሱ ጣሪያው ይንቀጠቀጣል፤ የፋኖሱ ብርጭቆ ይንቃጨላል፤ አባባ ሐጎስ ተረቱን ያቆሙና አንድ ጣታቸውን ሽቅብ አድርገው «ይለፍ» ይላሉ። እናሳልፈዋለን። አልፎ ድምፁ ሲጠፋ ካቆሙበት ቃል ይቀጥላሉ። ውስጡ ሰው እንደተጫነ አናውቅም ነበር፤ ለእኛ ተረት የሚያቋርጥ ነገር ብቻ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ የምንወደው የበሩን ነበር። በድሮ ጊዜ አንድ ትልቅ ቤት ነበረ። ብዙ ወንድማማቾች ይኖሩበታል፤ በሩ ግን አንድ ነው፤ እሱም በታላቁ መኝታ በኩል ነው። የሚወጣም የሚገባም የታላቁን እግር ተራምዶ፣ «እባክህ ፈቀቅ በልልኝ» ብሎ ነው። አንድ ቀን ታናሹ «በእኔ በኩል አንዲት ትንሽ በር ትከፈትልኝ» አለ። ታላቁ ከመኝታው ዘለለ። «አባታችን የሠራው ቤት ሊቀደድ ነው! ዛሬ በር ያለ ነገ ጣሪያውን ተሸክሞ ይሄዳል!» ታናሹም በተራው ተቆጣ። «በር ከከለከልከኝ ድሮም ወንድሜ አልነበርክም። ደሜ ሌላ ነው፤ አጥንቴም ሌላ ነው» አለ። እዚህ ላይ አባባ ሐጎስ ክርናቸውን እያሻሹ «እስከዚያች ቀን ድረስ አጥንቱ ሌላ መሆኑን ራሱም አያውቅም ነበር» ይሉና እንስቃለን። ከዚያ ታናሹ መጥረቢያ ያነሳል፤ ግድግዳውን ይመታል፤ ታላቁ ጦር ይዞ በተቀደደው በኩል ይቆማል፤ ሌሎቹ ወንድሞች ግማሹ ወደዚህ፣ ግማሹ ወደዚያ ይሰለፋል፤ ሲጋደሉ መጥረቢያው መሃል ቤት የቆመውን ምሰሶ ያገኘዋል። ጣሪያው ሊወርድ ሲል አባባ ሐጎስ ቆም ይሉና ይጠይቁናል።

«በር ማውጣት ለአናጢ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ግማሽ ቀን!» ብለን እንጮሃለን።

ዳንኤል ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስለነበረ ተረት የሚሰማ መምሰል አይፈልግም። ደብተሩን ከፋኖሱ አጠገብ ዘርግቶ የሚያጠና ይመስላል፤ ገጹን ግን አይገልጥም። አንድ ምሽት አላስቻለውም፣ «ከሁለቱ ማን ነበር ልክ?» አላቸው።

አባባ ሐጎስ በቆሎውን አገላበጡ። «ታናሹ በር መፈለጉ ልክ ነው። ታላቁ ለጣሪያው መፍራቱ ልክ ነው። ሁለቱም ልክ መሆናቸውን እርግጠኛ ስለነበሩ አናጢ የሚጠራ ጠፋ» አሉት።

ሌላው የምንወደው ተረት የኪዳነ ነበር፤ ያን ግን ተረት መሆኑን አናውቅም። ኪዳነ ቤቱን ጥሎ ሲሄድ እኔ ገና እድህ ነበር። አባባ ሐጎስ ስለ ጅዳ ሲያወሩ፣ መኪናው ስንት ጎማ እንዳለው፣ በረሃው እንዴት እንደሚያቃጥል፣ ኪዳነ በመኪናው ጥላ ሥር ተኝቶ እንዴት እንደሚያርፍ ይነግሩናል። ልጃቸው ለምን አንድ ፎቶ እንኳ እንደማይልክ ጠይቄያቸው አላውቅም። እናቴ ግን ሲያወሩ አንገቷን ደፍታ ትሰማቸው ነበር። አሁን ሳስበው ታውቅ ነበር።

የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ይልማ ይባላል። ከአብዮቱ በፊት የአንድ ባለ ርስት ጃንጥላ ያዥ ነበር ይሉታል፤ ጃንጥላ መያዝ ነውር ኖሮት አይደለም የምንቀው። የምንቀው ጌታው ከሄዱ በኋላም ጃንጥላ መያዙን ስላልተወ ነው፤ የሚይዝላቸው ሰዎች ብቻ ተቀየሩ። እሁድ እሁድ በውይይት ክበብ ስም ሰፈሩን አዳራሽ ይሰበስብና ጠረጴዛውን በጣቱ እየቆረቆረ ተረቱን ይነግረናል። በእሱ ተረት አገሪቱ ደህና ነበረች፤ ችግሩ ጥቂት ገንጣዮችና ወንበዴዎች ናቸው፤ እነሱም ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷቸዋል። በየዓመቱ ጥቂት ናቸው፤ በየዓመቱ ጥቂት ቀርቷቸዋል፤ በየዓመቱም እነዚያን ጥቂቶች የሚጨርስ ብዙ ወጣት ከሰፈራችን ይታፈሳል። አጨብጭቡ ሲለን እናጨበጭባለን። አባቴ ከሁሉም አስቀድሞ ያጨበጭብ ነበር።

ማታ ደግሞ ያው አባቴ ራዲዮኑን ብርድ ልብስ አልብሶ፣ ጆሮውን አስጠግቶ፣ ከጫካ የሚተላለፈውን የሌላውን ወገን ተረት ይሰማል። እዚያም ተራኪው አይሳሳትም። በደሉ እውነት ነበር፤ የተቃጠለው መንደር እውነት ነበር። ከእውነቱ በኋላ ግን ያችው የታናሹ ወንድም አጥንት ትመጣለች፤ እኛ ድሮም ሌላ ነን፤ ደማችን ሌላ፣ ታሪካችን ሌላ፤ ስለዚህ ልጆቻችሁን ላኩ። አባቴ ቀን ለአንዱ አጨብጭቦ ማታ ለሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ሁለቱም ተረቶች እሱን እንዲያልፉት ብቻ ይጸልይ ነበር። አላለፉትም።

ዳንኤል የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና አልቀናውም። ለብሔራዊ ውትድርና ሲታፈስ ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር፤ ዳቦው በላስቲክ እንዳለ ከመንገድ ዳር ጎረቤት አንስቶ አመጣልን። እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ቀበሌ ሄደች፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከተልኩ። የጓድ ይልማ ልጅ በዚያው ሰሞን ለትምህርት ወደ አንድ ሶሻሊስት አገር ተልኮ ነበርና ቢሮው ውስጥ ፎቶው ተሰቅሏል፤ በረዶ ላይ ቆሞ ይስቃል። እናቴ ለመነችው። ጠረጴዛውን ቆረቆረና «ጉዳዩ ይታያል» አላት። አባቴ አብሯት አልሄደም። «እኔ ከሄድኩ ነገሩን አከብደዋለሁ» አለ።

ማሠልጠኛ ከመግባቱ በፊት ለአንድ ቀን ቤት እንዲመጣ ሲፈቀድለት አባባ ሐጎስ ሰንሰለት ሲጎትቱ የለበሱትን ወፍራም የሱፍ ካፖርት ከሣጥን አውጥተው ለዳንኤል አለበሱት። እጅጌው ረዘመበት። «አገሬን አውቀዋለሁ፤ ሌሊቱ ይበርዳል» አሉት። ያኔ ይህን ስሰማ የሚገርም ነገር አልታየኝም። ልጃቸው በዚያው ብርድ በወዲያኛው ወገን ምሽግ ውስጥ መሆኑን እያወቁ ነበር ካፖርቱን ያለበሱት።

ዳንኤል ከሄደ በኋላ የበሩን ተረት አላወሩልንም፤ ስንለምናቸው የጅብና የቀበሮ ይነግሩናል። አንድ ጊዜ ብቻ ተመለሱበት። መንግሥት ለአንዳንድ ክፍላተ ሀገር የራስ ገዝ አስተዳደር ሰጠሁ ያለ ሰሞን ነው። ሰሜኑ በአብዛኛው ከእጁ ወጥቷል፤ የወጣውን ነገር ነው ሰጠሁ የሚለው። ጓድ ይልማ አዳራሹን ሞላና አባባ ሐጎስን አስነሥቶ «እርስዎ የዚያ ብሔረሰብ ተወላጅ ነዎት፤ ለአብዮታዊው መንግሥት ምስጋናዎን ይግለጹ» አላቸው። አባባ ሐጎስ ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ «እግዜር ይስጥልን» ብለው ተቀመጡ። ጭብጨባው ጣሪያ ነካ። ማታ መብራት ሲጠፋ ሳንጠይቃቸው ጀመሩ። «ያ ቤት እንዴት እንዳለቀ ነግሬአችኋለሁ? ጣሪያው ወረደ፤ ግድግዳው ወደቀ። ከዚያ ታላቁ ወንድም ገበያ ሄዶ ቆንጆ መዝጊያ ገዛ። ማጠፊያው ነሐስ ነው። ተሸክሞት መጣና ‹በሉ፣ በር ፈቅጄላችኋለሁ፤ የት ላቁመው?› አለ።» እኔ እስኪያመኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

በእኛ አገር መርዶ ደንብ አለው። ሰው የሞተበት ሰው ብቻውን ወይ ቆሞ አይነገረውም። የእድር ሽማግሌዎችና ጎረቤቶች ተጠራርተው፣ ገና ጎሕ ሲቀድ፣ ባለቤቱ ከቤት ሳይወጣ በሩ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ገብተው ያስቀምጡታል፤ ከዚያ ይነግሩታል። ደግነት ነው፤ ጭካኔም አለበት፤ በማለዳ ደጃፉ ላይ ጋቢ የተከናነበ ሰው ቆሞ ያየ ማንም ሰው ሌላ ቃል አያስፈልገውምና። ብቻ በዚያ ግቢ በሩ አንድ፣ ቤቱ ሁለት መሆኑን የመጡት ሰዎች አላሰቡበትም።

አባባ ሐጎስ በማለዳ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ ነበር። ያን ቀን እንደ ወትሯቸው ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዘንጋቸውን ይዘው የቆርቆሮውን በር ከፈቱ። ሽማግሌዎቹ በሩ ላይ ቆመዋል፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ ጓድ ይልማም ከካኪው ላይ ጋቢ ደርቦ መሃላቸው አለ። በሩን የሚከፍተው ሌላ ሰው መስሏቸው ስለነበረ ሲያዩዋቸው ደነገጡና መሬት መሬት አዩ። እንዲህ አድርገው መሬት የሚያዩት ለባለ መርዶው ነው።

ጩኸቱ ነው ከእንቅልፌ ያነሳኝ። «ወደይ! ኪዳነ ወደይ!» በቋንቋቸው ልጄን ማለታቸው ነው። ወጥቼ ሳይ ዘንጋቸው ወድቋል፤ ደረታቸውን በሁለት እጃቸው ይመታሉ። «አትግባ ብዬህ ነበር! ጫካ አትግባ፣ ከኔ አትለይ ብዬህ ነበር! ይኸው በረሃ በላህ! ጅዳ ነው እያልኩ ስቀብርህ ኖርኩ፣ ዛሬ በእውነት ቀበሩህ!» ዓመታት ሙሉ ያቆዩት ነገር ሁሉ በሩ ላይ ፈሰሰ። እናቴ በሌሊት ልብሷ ሮጣ ወጥታ አቀፈቻቸው። «አይዞዎት አባባ፣ አይዞዎት! ኪዳነዬ! አንተ ልጅ!» እያለች አብራቸው ታለቅሳለች፤ ፊቷን ትቧጥጣለች። ስለ ኪዳነ ነበር የምታለቅሰው። የመጡት ሰዎች እንዲህ ስታደርግ ዝም ብለው ያዩዋታል። ያን ዝምታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ ከመሃላቸው አንድ ወንድ ጠፍቶ ነው የእናቴ እንባ ያለቦታው የፈሰሰው።

በመጨረሻ የእድሩ ዳኛ ክንዷን ያዘ። «ወይዘሮ አበበች፣ እሳቸውን ይተዉዋቸው። ይግቡና ይቀመጡ» አላት።

«እንዴት ልተዋቸው? ልጃቸው ሞቶ!»

«ይቀመጡ እንጂ፤ እኛ የመጣነው ወደ እርስዎ ነው።»

እናቴ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች፤ አባባ ሐጎስ ግን ገብቷቸው ኖሮ አፋቸውን በጋቢያቸው ያዙ። ልጃቸው እንዳልሞተ ያወቁት የዳንኤልን መሞት ሲሰሙ ነው፤ እንኳን ደስታ፣ መተንፈስም ነውር የሆነባቸው ይመስሉ ነበር። በዚያች ሰዓት ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ ሐሳቡ ያልተበተነበት አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጓድ ይልማ ጋቢውን አስተካከለና «ለመሆኑ ኪዳነ ጅዳ አልነበረም እንዴ?» አለ።

ድንኳኑ ተተከለ። አባባ ሐጎስ መጥተው ጥግ ላይ ተቀመጡ። ጓድ ይልማ የእድሩን ዳኛ ጠርቶ፣ ለእናት አገሩ በወደቀ ጀግና ድንኳን ውስጥ የወንበዴ አባት መቀመጥ የለበትም አለው፤ ልጄን ያፈሰው ሰው ለልጄ ክብር ተቆረቆረለት ብላ እናቴ በኋላ ብዙ ጊዜ ትናገረው ነበር። ሽማግሌዎቹ ንፍሮ እየዘገኑ ተመካከሩ። ያን ሁሉ ዘመን አብረው ቀብር የወጡ፣ አብረው ዝናብ የመታቸው ሰዎች፣ አሁን የሐጎስ ነገድ ምን እንደሆነ ድንገት ታወሳቸው። እናቴ ከፍራሹ ላይ ሆና «ይቀመጡ ብያለሁ!» ብላ ጮኸች። አባቴ አጠገቧ ነበር። ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ፤ የቤቱ ባለቤት ነውና ቃሉ ይጠበቃል። አባቴ ጫማውን አየ። ከሰዓት በኋላ ሁለት የአብዮት ጠባቂዎች መጥተው አባባ ሐጎስን ወሰዷቸው።

ሐዘኑ ገና ሳይወጣልን አባቴ ቆርቆሮ በጋሪ አስጭኖ መጣና ግቢውን ለሁለት አጠረው። ከእንደዚህ ዓይነት ሰው ጋር ግቢ መጋራት ለአንተም አይበጅህም ብለውት ነው። በሩ ወደ እኛ ቀረ፤ ቧንቧውም ወደ እኛ ቀረ። አባባ ሐጎስ ከወራት በኋላ ጺማቸው ነጥቶ፣ አንድ እግራቸውን እየጎተቱ ሲፈቱ ወደ ቤታቸው የሚገቡበት መንገድ አልነበረም። በወንዙ በኩል ባለው የጓሮ አጥር ላይ ቀዳዳ መክፈት ግድ ሆነ። እናቴ አናጢ ጠራችላቸው። መዶሻውን ከአጥሩ ወዲህ ሆኜ እሰማው ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ሥራውን ጨርሶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ እናቴ በየማለዳው ጀሪካን ሞልታ፣ መንገዱን ዞራ፣ ወንዙ ዳር ወርዳ በጓሮው በር ታስገባላቸው ነበር። አባቴ ያያታል፤ አይሸከምላትም። አንድ ምሽት እኔም ተከትያት ሄድኩ። ከሰሉ ይጨሳል፤ ፋኖሱ ብርጭቆው ተሰንጥቆ በወረቀት ተለጥፏል። «እሳቱ ያዘ?» አሉኝ። «ያዘ» አልኳቸው። ብዙ ጠበቅሁ። አውሮፕላን አለፈ፤ ጣታቸውን አነሱ፤ ካለፈም በኋላ ጣታቸውን አላወረዱም። 

መንግሥት ሊወድቅ አንድ ዓመት ያህል ሲቀረው በክረምት ሞቱ። ከእድሩ ስለተሰረዙ ድንኳን አልተተከለም፣ ጥሩንባም አልተነፋም። እናቴ፣ ጥቂት ሴቶች፣ ከቡልቡላ በቆሎ የሚያመጣላቸው ገበሬና ወንድሙ ሆነው ቀበሯቸው። አባቴ ሥራ ገባ።

ኪዳነ የመጣው በዓመቱ ነው፤ ከተማው በታጋይ ሲሞላ። ማልዶ የቆርቆሮውን በር አንኳኳ፤ የአባቱ በር መስሎታል። ቁምጣና የላስቲክ ጫማ፣ የጎፈረ ፀጉር፣ ጠመንጃ። እናቴ ከፍታ ስታየው በሩን ተደግፋ ቆመች።

«እትዬ አበበች፣ ኪዳነ ነኝ። አባባ ደህና ናቸው? ይሄ አጥር ምንድን ነው?»

«ግባና ተቀመጥ» አለችው። ወደ እኔ ዞራ በጆሮዬ «ጎረቤት ጥሪ፤ ቆሞ አይነገረውም» አለችኝ።

ሮጬ ጠራሁ። አባባ ሐጎስን ከእድር የሰረዘው ያው ዳኛ ጋቢውን እየሰበሰበ ከሁሉ ቀድሞ ደረሰ፤ አሁን ከሐጎስ ልጅ መርዶ መቅረት ምን እንደሚያስከትል አልጠፋውም። ኪዳነ ሰው እስኪሰበሰብ ዝም ማለት አልቻለም። ሳይጠየቅ ስለ ብሔሮች መብት፣ ስለ ተነጠቀ ታሪክ፣ ስለ ደም ያወራል፤ ያ ከብርድ ልብስ ሥር ስሰማው ያደግሁት ራዲዮ ቁምጣ ለብሶ የመጣ መሰለኝ። አባቴ ፊት ለፊቱ ተቀምጦ ራሱን ይነቀንቃል፤ ማታ ማታ ለራዲዮኑ ሲነቀንቅ የኖረው አነቃነቅ ነው። እናቴ የዳንኤል ሬሳ የቀረበትን ቦታ ስም ጠራችለት።

«እዚያ ነበርክ?»

ወሬው ቆመ። «ነበርኩ» አለ።

«ልጄ እዚያ ቀረ። መርዶው ሲመጣ አባትህ በሩን ከፈቱና ያንተ መሰላቸው። ልጄን ከእኔ በፊት ያለቀሱት እሳቸው ናቸው፤ በአንተ ስም አለቀሱት። በዚያ ለቅሶ ነው የታሰሩት። አሁን የሉም ኪዳነ። ለእሳቸው ደግሞ አንተ አልቅስላቸው።»

ንቀቴን ለአንድ አፍታ እዚህ ላይ አስቀምጣለሁ። ጠመንጃው ከጉልበቱ ተንሸራቶ ወደቀ፤ ሰው እንደሚያለቅሰው አለቀሰ፤ እናቴም አቅፋው አለቀሰች።

ከዚያ ንቀቴን መልሼ አነሳዋለሁ፤ አልቆየምና። ብዙም ሳይሰነብት ኪዳነ ሹመት አገኘ፤ ጓድ ይልማ ሲቆረቁረው ከነበረው ጠረጴዛ ኋላ ተቀመጠና የሰፈሩን ሰው አንድ በአንድ ብሔርህ ምንድን ነው እያስባለ ያስመዘግብ ጀመር። ያ አዳራሽ፣ ያው አግዳሚ ወንበር፤ ያው ሰውም ያጨበጭባል። እናቴ አንድ ነገር ብቻ ልትለምነው ሄደች፤ የአባቱን ቤት ከእኛ የለየው ቆርቆሮ ላይ የድሮው መተላለፊያ እንዲከፈት። ቤቱን ቀበሌ አሽጎታል፤ ያለ ፈቃድ አይነካም። ኪዳነ በትህትና ተነሥቶ ወንበር ሰጣት። ከዚያ «ጉዳዩ ይታያል» አላት።

ብዙ ሰው ስለዚያ ጦርነት መጽሐፍ ሲጽፍ አያለሁ፤ ማን ጀመረው፣ ማን ልክ ነበር፣ ማን ስንት ዘመን ተበደለ። አነባለሁ፤ ከፊሉ እውነት ነው። ግን ከገጾቹ ኋላ የምሰማው ሁልጊዜ ያን የአባባ ሐጎስን ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ጄኔራልና ታጋይ፣ ከዚያ ሁሉ ጓድ መሃል አናጢ መጥራት የመጣለት አንድ ሰው እንኳ መጥፋቱ እስከ ዛሬ ንቀቴን ይቆሰቁሰዋል።

እናቴ ፈቃድ አልጠበቀችም። በማግሥቱ አናጢ አመጣች። እኔ ምስማር አቀብለው ነበር። ቆርቆሮውን ቀደደ፣ መቃኑን አቆመ፣ ማጠፊያውን መታ፤ ምሳ አልደረሰም ነበር። እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ በሩን ገፋችው። ወዲያ ማዶ የአባባ ሐጎስ በረንዳ አለ፤ ማንደጃው በዝናብ ዝጎ ተገልብጧል። የሚገባም የሚወጣም ሰው አልነበረም።